ሳይዝ አንድ

በዚህ ካምፕ ስለ ብቸኝነት ያልጻፈ የለም። ይህች መጽሔታችን ከእጅ ወደ እጅ መዞር ከጀመረች ወዲህ ያነበብኳቸው ግጥሞች ብቻ ቢሰበሰቡ አንድ ደብተር ይሞላሉ። ጨረቃዋ አለች፣ አገር ቤት የቀረችው እናት አለች፣ የሚያለቅስ ብዕር አለ። ክፉ ናቸው አልልም። ነገር ግን ብቸኝነት ሌላ፣ ብቻ መኖር ሌላ ነው። ብቸኝነት በሰው መካከልም ይመጣል፤ አምስት ሆነን በአንድ ክፍል ስንተኛ እንኳ መጥቶብኝ ያውቃል። ብቻ መኖር ግን የሥራ ዓይነት ነው። ቁልፍ አለው፣ ጀሪካን አለው፣ ዱቄት አለው፣ ሰዓት አለው። ሥራው እንዴት እንደሚጀመር የጻፈ ሰው ፈልጌ ስላጣሁ፣ ገና ሳልጀምረው፣ በመሰናዳት ላይ ሳለሁ ያየሁትን ልጽፍላችሁ ተነሣሁ። ከጀመርኩት በኋላ ምናልባት እኔም እንደ ሌላው ስለ ጨረቃ እጽፍ ይሆናል።

እኔ ይህ መሰናዶ እስከ ጀመረበት ጊዜ ድረስ አንዲት ሌሊት እንኳ ብቻዬን አድሬ አላውቅም ነበር። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ ይሁን እንጂ አንባቢ ሆይ፣ ሌሊቶችህን ብትቆጥር አንተም ከእኔ ብዙ አትርቅም። በልጅነቴ ወሎ ውስጥ ከአያቴ ጋር መደብ ላይ ነበር የምተኛው፤ በአንድ በኩል አያቴ፣ በሌላ በኩል ግድግዳው፣ ከእግራችን ሥር ደግሞ ጥጆቹ። ለትምህርት ደሴ አክስቴ ቤት ስገባ ለሦስት አንድ አልጋ ደረሰን። እ.ኤ.አ. በ2012 ከታላቅ እህቴ ጋር በሞያሌ በኩል ስንሻገር የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በመንገድ ላይ የተኛሁት የነጠላዋን ጫፍ በእጄ ጠቅልዬ ነው። ካኩማ ከገባን በኋላም ቤቱ ሞላ እንጂ አልጎደለም። እታለም አገባች፣ ወለደች፣ ደገመች፣ ሠለሰች።

ባለቤቷ ትንሹ ልጅ ገና በሆድ ሳለ በደቡብ አፍሪካ በኩል ወጥቶ፣ ብዙ ከተንከራተተ በኋላ ካናዳ ገባ። የሚኖረው ዊኒፔግ በምትባል ከተማ ነው። አሁን የሚስቱና የልጆቹ ወረቀት ወጣለት። ሕጉ ሚስትና ልጅ ይላል፤ የሚስት እህት የሚል መስመር የለውም። በዚህ አልተቀየምኩም። የአሜሪካው የስደተኞች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ሲታገድ፣ ሻንጣቸውን ዘግተው፣ ዕቃቸውን ሸጠው፣ ባዶ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው የቀሩትን ጎረቤቶቻችንን ያየ ሰው፣ ከአንድ ቤት አራት ሰው ሲወጣ ማመስገን ነው ያለበት። አመሰግናለሁም። ነገር ግን ከአምስት ላይ አራት ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ለማወቅ ብዙ ሒሳብ መማር አያስፈልግም።

ወረቀታችን ላይ ለዓመታት «ሳይዝ 5» ነበር የሚለው። ጉዳያችን ሲለያይ ለእኔ አዲስ ቁጥር ተሰጠኝና ከጎኑ «ሳይዝ 1» ተብሎ ተጻፈ። ይዤው ቤት ስገባ ዘጠኝ ዓመት የሆነው የእህቴ ልጅ ከእጄ ተቀብሎ አነበበና «አክስትዬ፣ የሕፃን ጫማ ሰጡሽ» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ እታለም ወደ ጓዳ ገባችና ቶሎ አልወጣችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። አምስት ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ቤቱን ሙሉ በሙሉ የሚያውቀው አንድም ሰው የለም። ዕውቀቱ እንደ ድርጎ ተከፋፍሎ ነው የሚኖረው። አንዱ ውሃውን ያውቃል፣ አንዱ ወረቀቱን ያውቃል፣ አንዷ ስልኩን ታውቃለች፤ ትንሹ እንኳ ዶሮዋ የት እንደምትጥል ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። አራት ሰው ሲሄድ የሚሄደው አራት ሰው ብቻ አይደለም፤ ከአምስት እጅ አራቱ የቤቱ ዕውቀት አብሮ በአውሮፕላን ይሳፈራል። ስለዚህ ያለፉትን አምስት ሳምንታት ተማሪ ሆኜ ነው የከረምኩት። በሥራዬ አስተማሪ ነኝ፤ በኢንሴንቲቭ ሕፃናትን ፊደል አስቆጥራለሁ። ቤቴ ስገባ ግን መምህሮቼ ሦስት ልጆችና አንዲት እህት ሆኑ።

የመጀመሪያው መምህሬ ያ የጫማ ቀልደኛ ነው። የውሃው ሹም እሱ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ አብሬው ወደ ቧንቧው መውረድ ጀመርኩ። «ቧንቧው ውሃ ከመስጠቱ በፊት ይተነፍሳል» ብሎ አስተማረኝ። «መጀመሪያ እንደ እባብ ሽሽሽ ይላል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ይጋፋል፤ አንቺ አትጋፊ። ከዚያ ያስላል። አንዴ ሲያስል ዝገት ነው የሚተፋው። ሦስተኛ ሲያስል ደቅኚ።» ከዚያ ሰልፉን ሰው በሰው አስጠናኝ። የመንትዮቹ እናት፣ ያቺ ደቡብ ሱዳናዊት፣ ተራ ትጠብቃለች፤ ሰማያዊ ሻሽ የምታስረዋ ግን ዞር ካልሽ ጀሪካንሽን ወደ ኋላ ትገፋና «አላየሁም» ትላለች። ሽማግሌውን ካስቀደምሻቸው ነገ እሳቸው ያስቀድሙሻል። ይህን ሁሉ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያውቀዋል፤ እኔ ግን ያንን ውሃ ለዓመታት ስጠጣ አላውቀውም።

ለአንድ ስደተኛ በቀን 20 ሊትር ይበቃዋል የሚል መለኪያ አለ፤ አንድ ቢጫ ጀሪካን ማለት ነው። አምስት ሆነን አምስት ጀሪካን ስንቀዳ የአንዱ መጉደል በሌላው ይሸፈናል። ልብስ የሚታጠብ ዕለት አንዳችን ገላችንን እንተዋለን፣ ልጅ የታመመ ዕለት ልብሱ ይቆያል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ግን ጀሪካኑ ራሱ ቀኑ ነው። ከተደፋበት ቀኑ ተደፋ። ይህን ስላሰብኩ ከገበያ አንድ ትርፍ ጀሪካን ገዛሁ፤ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ጥግ ይቀመጣል፣ አይነካም። እታለም ስታየው «ይሄስ የማነው?» አለችኝ። «የነገዬ ነው» አልኳት።

የወረቀቱን ትምህርት ያስተማረችኝ እሷ ናት። የወረቀት ጠላት ሦስት ነው፤ ውሃ፣ እሳት፣ ምስጥ። ላጋው ሞልቶ ሰፈር የገባባቸውን ዓመታት የሚያስታውስ ሰው ወረቀቱን መሬት ላይ አያስቀምጥም። እታለም በፌስታል ላይ ፌስታል ደርባ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አድርጋ፣ ጣሳውን ከጣሪያው ማገር ጋር በሽቦ አስራው ኖራለች። አወረደችውና አንድ በአንድ አሳየችኝ። ይህ መታወቂያ ነው፣ ይህ የክሊኒክ ደብተር፣ ይህ ከካምፕ ለመውጣት ጠይቀሽ የተፈቀደልሽ አሮጌ ወረቀት፣ አትጣዪው፣ ያለፈውን ያሳየ ሰው የሚመጣውን ቶሎ ያገኛል። የትኛው በየትኛው ወር እንደሚታደስ በልቧ ነበር የያዘችው፤ እኔ ደብተር ላይ ስጽፍ እያየችኝ «ወረቀት ስለ ወረቀት ትጽፊያለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ራሽኑን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ከተቀነሰና ቤተሰቦች በአራት ምድብ ከተከፈሉ ወዲህ በየሰልፉ የሚወራው እሱ ብቻ ነው። በቤታችን ሦስት ልጆች ነበሩ። ጤነኛ፣ ወጣት፣ ጥቂትም ቢሆን ደመወዝ ያላት፣ ሳይዝ አንድ የሆነች ሴት በምን ዓይን እንደምትታይ አንባቢ ራሱ ይገምት። እኔ የምሰናዳው እንደማይሰጠኝ አድርጌ ነው። ከተሰጠኝ በዓል ይሆናል።

አሁን ወደ እንጀራው ልምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና።

እንጀራ የአንድ ሰው ምግብ አይደለም። ይህን ያወቅሁት መጋገር ስለማልችል አይደለም፤ እችላለሁ። ችግሩ እንጨቱ ነው። ምጣዱ እስኪግል የሚፈጀው እንጨት ለሦስት እንጀራም ለሃያ እንጀራም ያው ነው። የቱርካና ሴቶች ከሩቅ ተሸክመው የሚያመጡትን እስር እንጨት ገዝቶ ስድስት እንጀራ መጋገር ገንዘብን እያነደዱ መሞቅ ነው፤ ካኩማ ላይ ደግሞ እሳት የሚሞቅ ሰው የለም። ጋግሬ ላቆየው ብትሉ፣ በአራተኛው ቀን ወይ ይሻግታል ወይ ጠርዙ እንደ ቆርቆሮ ይደርቃል። እታለም ለሆቴል ቤቶቹ እየጋገረች የምትሸጥ ሴት ናት። ለአንድ ሰው ስንት ዱቄት እንደሚቦካ ስጠይቃት እጇን ወደ ዱቄቱ ሰድዳ ዝግን አወጣች፤ ቀነሰች፤ እንደገና ቀነሰች፤ በመጨረሻ መዳፏ ላይ የቀረውን አይታ «ይሄማ ሊጥ አይደለም፣ መድኃኒት ነው» አለች።

መላውን ያገኙት እማማ ናቸው። እማማ በእሾህ አጥሩ ማዶ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ይህ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 የተከፈተ ነው፤ እሳቸው ዋልዳ ሲዘጋ ወደዚህ ከመጡት መካከል ሲሆኑ፣ አንድ ልጃቸውን እዚህ ቀብረው፣ ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። እሳቸው፣ ከወንዙ ወዲህ የምትኖረው ኤርትራዊት ሴትዮና ሌላ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ሦስቱም ብቸኞች፣ በየዓርቡ በአንድ ምጣድ ይጋግራሉ። እያንዳንዷ የራሷን ሊጥ ይዛ ትመጣለች። እንጨቱን የምታመጣው ተራዋ የደረሰው ናት፤ እሷው ደግሞ መጀመሪያ ትጋግራለች። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ክብር እንዳይመስልህ። የመጀመሪያዋ እንጀራ ለምጣዱ ናት፤ ወይ ትጣበቃለች ወይ ዓይን አታወጣም። ስለዚህ የእንጨቱም ወጪ፣ የተበላሸችው እንጀራም በዙር ይደርሳል። እማማ «የምጣድ ዕቁብ» ይሉታል። አራተኛ አባል ሆኜ ተመዘገብኩ። የተረፈውን በፀሐይ አድርቄ ድርቆሽ አደርገዋለሁ፤ እዚህ አገር ፀሐይ ለድርቆሽ አንድ ቀን አትፈልግም፣ እኩለ ቀን ይበቃታል። በበርበሬና በሽንኩርት ፍርፍር ከሆነ ሳምንቱን ይዘልቃል።

ለቡናው ግን መፍትሔ አላገኘሁም። ለአንድ ሲኒ ጀበና መጣድ ይቻላል፤ ሞክሬዋለሁ። አቦሉን ጠጣሁ፤ ቶናውን ለመቅዳት ጀበናውን ሳነሣ ግን ለማን ብዬ እንደምቀዳ ግራ ገባኝና አስቀመጥኩት። ቡና ወይ በሰው ቤት እጠጣለሁ ወይ ሰው እጠራለሁ፤ ብቻዬን የምጠጣው ሻይ ነው። ይህ ነገር ለእኔ ተቆርጧል።

እማማ ከእንጀራው ሌላ ያስተማሩኝ ትምህርት የበር ትምህርት ነው። «አንቺ ልጅ፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። «ማነው እላለሁ» አልኳቸው። «እሱማ የልጅ መልስ ነው። መጀመሪያ ወደ ውስጥ ዞረሽ፣ ጮክ ብለሽ፣ ‹አንተ ተኛ፣ እኔ አየዋለሁ› ትያለሽ። ከዚያ ነው ማነው የሚባለው።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው የሚስት ድምፅ ሆነ፤ ባል ያላት፣ ባሏም ቁጡ የሆነ ሴት። ለዓመታት በየሌሊቱ ከሌለ ሰው ጋር ሲነጋገሩ ኖረዋል። «አሁን አሁንማ ቀን ቀንም አወራዋለሁ» አሉና ሳቁ፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ጫማውም የእሳቸው ምክር ነው። በበሩ ፊት ትልቅ የወንድ ጫማ ማስቀመጥ። ገበያ ወርጄ ያገለገለ ባለ 44 ቁጥር ጫማ ስከራከር ሻጩ «ባልሽ እግሩ ትልቅ ነው» አለኝ፤ «ግዙፍ ነው» አልኩት። ልጆቹ ቤት ሲያዩት ስም አወጡለት፤ «ጋሼ አርባ አራት»። በየማታው ደኅና እደሩ ይሉታል። ትልቋ፣ 12 ዓመቷ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከተቀመጠ ሌባ እንደሚነቃበት አሰበችና በየቀኑ የማዛወር ሥራ ሰጠችኝ፤ አንድ ቀን በር ላይ፣ አንድ ቀን ታጥቦ አጥር ላይ፣ አንድ ቀን ጭቃ ነክቶት። ስለ ደኅንነት ስብሰባ ላይ ከሰማሁት ሁሉ የዚያች ልጅ ሐሳብ ይበልጣል።

ጫማ መግዛቴ በተሰማ በሳምንቱ ሽማግሌዎች መጡ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እታለም ነው የመጡት፤ ወጉ እንደዚያ ነውና። «ልጅቷን ለማን ትተሻት ትሄጃለሽ? በጫማ ከምትጠበቅ በሰው ትጠበቅ» አሉ። ያመጡትም ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሱቅ አለው፣ ጠጪ አይደለም፣ ሰላምታውም የጨዋ ነው። እታለም ቡና አፍልታ አስተናገደቻቸውና መልሱን ለእኔ ተወችው። እኔም በሌላ ጊዜ ቢሆን ልሰማው የምችለው ነገር መሆኑን፣ አሁን ግን ሰው ጨለማ ስለፈራ ብቻ ማግባት እንደሌለበት ነገርኳቸው። አንደኛው ሽማግሌ «ስንቱ ነው በዚያ ያላገባው!» አሉ፤ ሚስታቸውን ማለታቸው ይሁን ራሳቸውን አልታወቀም። ሌሎች ደግሞ ማደሪያ ልጅ ልላክልሽ አሉኝ፤ አገር ቤት ባል መንገድ ሲሄድ የጎረቤት ልጅ እንደሚመጣው። ለሳምንት ጥሩ ነው፣ ለኑሮ ግን አይሆንም። የሰው ልጅ የሌሊት መብራት አይደለችም።

ከመነሻቸው ሦስት ሳምንት ሲቀር እታለም «አንድ ሌሊት እንሞክረው» አለች። እሷ ልጆቹን ይዛ እማማ ቤት ልታድር፣ እኔ እዚህ ልቀር። በመካከል ያለው አጥር ብቻ ስለሆነ ነገሩ እንደ ጨዋታ ነበር። ልጆቹ ፍራሻቸውን ተሸክመው ሲወጡ ትንሹ «ደኅና ሁኚ አክስትዬ» ብሎ አለቀሰ፤ ካናዳ የሄደ መስሎት።

በሩን ዘጋሁ፣ መቀርቀሪያውን ሳብኩ፣ የፀሐይ መብራቷን አበራሁ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚደረግ አላወቅሁም። ለወትሮው በዚያ ሰዓት አንዱን ልጅ እያጠብኩ፣ ሌላውን እየተቆጣሁ፣ እታለም የምትለውን በግማሽ ጆሮ እየሰማሁ ነበር። ክፍሉ ሰፊ ነበር። ይህ ቤት ሰፊ ነው ብሎ ያለ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ቆይቶ ጣሪያው መናገር ጀመረ። ቀን በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። በዚያው ጣሪያ ሥር ለዓመታት ተኝቻለሁ፤ ድምፁን ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለካስ የልጆቹ ትንፋሽ ሸፍኖት ነው የኖረው። ከዚያ የሩቁን ጀነሬተር ሰማሁ። ከላጋው ማዶ ውሻ ሰማሁ። በግድግዳው ጭቃ ውስጥ ምስጡ ሲፈጭ ሰማሁ። ለእያንዳንዱ ድምፅ ስም እየሰጠሁ አሳለፍኩት፤ ስም የተሰጠው ድምፅ ብዙ አያስፈራም። ስም ያጣሁለት አንድ ብቻ ነበር። ወደ ንጋቱ ላይ ከአጥሩ ውጭ ቀስ ያለ የእግር ኮቴ መጣ። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ይቆማል። ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ወደ ባዶው ክፍል ዞርኩና በእማማ ትምህርት መሠረት፣ በተቻለኝ መጠን የባለትዳር ድምፅ አውጥቼ፣ «አንተ ተኛ፣ እኔ አየዋለሁ!» አልኩ።

ከውጭ ሳቅ መጣ። እታለም ነበረች።

«ውሃ ልቀዳ ነው» አለችኝ በአጥሩ በኩል። ጀሪካን አልያዘችም።

ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ሌሊት ተነጋግረን አናውቅም። ሁለተኛ ሌሊት ሞከርን፤ ሦስተኛም ሞከርን። በሦስተኛው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሌሊቱ እንዲህ ይለመዳል። ከሌሊት የባሰ የሚያስፈራኝ ሕመም ነው፤ ይህን ሳልሸሽግ ልጻፈው። ዝናብ ከጣለ በኋላ ወባ ሲነሣ፣ አንድ ሰው ትኩሳት ይዞት በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ቢተኛ ማን ያውቃል? ጫማው ውስጥ ጊንጥ ብትነድፈው ማን ይጮህለታል? በሩን እንዲጠብቀኝ ያበጀሁት መቀርቀሪያ ያን ጊዜ ይዘጋብኛል። ስለዚህ ከመንትዮቹ እናት ጋር ተዋዋልን። እሷ አማርኛ አታውቅም፣ እኔ ኑዌርኛ አላውቅም፤ ሁለታችንም በተሰባበረ ስዋሂሊ ነው የምንግባባው፤ እንዲያውም ለውል የተሰባበረ ቋንቋ ይሻላል፣ ትርፍ ቃል የለውም። በየጠዋቱ ከ1 ሰዓት በፊት ቢጫውን ጀሪካን በአጥሬ ግንድ ላይ ደፍቼ አኖራለሁ። 1 ሰዓት አልፎ ጀሪካኑ ካልታየ ታንኳኳለች። ካልመለስኩ ትልቁን ልጇን ጠርታ በሩን ይገነጥላሉ። መቀርቀሪያውን ሳሠራ ለአናጢው ከውጭ በአንድ ጠንካራ ትከሻ እንዲነቀል አድርጎ እንዲመታው ነገርኩት። «ታዲያ ምን መቀርቀሪያ ሆነ?» አለኝ። ሌባ የሚመጣው በስውር ነው፤ በር ሲገነጠል ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ጎረቤት ግን ጮኾ ነው የሚገባው። አናጢው ራሱን ነቀነቀና የተባለውን ሠራ። ይህን ስናደርግ ያዩት እማማ «የእኔንስ ማን ያያል?» አሉ። የእሳቸው ምልክት በገመዱ ላይ የሚሰጣው ነጭ ነጠላ ነው፤ የማየው እኔ ነኝ። ብቻዬን መኖር ከመጀመሬ በፊት እንዲህ የሁለት ቤት ዘበኛ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ስልኩን ትልቋ አስተምራኛለች። በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ የሚመጡትን መልእክቶች ለቤቱ የምታነብ እሷ ነበረች፤ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ግን የቱ የማታለያ እንደሆነ በሽታው ታውቀዋለች። የዊኒፔግ ሰዓት በእነሱ ክረምት ከእኛ በ9 ሰዓት፣ በበጋቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ እኔ መቀርቀሪያውን ስስብ፣ እዚያ በክረምት ቀትር ይሆናል። በዚያን ሰዓት ለመደወል ተስማምተናል። ልጅቷ ግድግዳው ላይ በከሰል ሁለት ሰዓት ሣለችልኝ፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእነሱ።

ታዲያ ትምህርቱ ከአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በፊት እታለም ልጅቷን ጉልበቷ መካከል አስቀምጣ ማበጠሪያውን ሰጠችኝና «አሳዪኝ» አለች። የዚህ ቤት ጸጉር ሠሪ እኔ ነኝ። ሹሩባ የምጎነጉነው፣ ልጆቹን በተረት የማስተኛው እኔ ነበርኩ። እታለም እጇ በምጣድ የጠነከረ ነው፤ እሳት አይፈራም፣ ቀጭን ነገር ግን አይዝለትም። ሦስት ከሰዓት በኋላ ተቀመጥን። የጸጉሩን መስመር ስታወጣ ጠመመባት፣ ፈታች፣ እንደገና ጠመመባት። ልጅቷ ሳትነቃነቅ ተቀመጠች፤ በወትሮው ለእኔ እንደዚያ ተቀምጣ አታውቅም። በሦስተኛው ቀን አራት ሹሩባ ወጣላት፤ ሁለቱ ቀጥ ያሉ። ያን ጊዜ እታለም ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለችኝ። «አንቺ ብቻሽን ትኖሪያለሽ እያሉ ሁሉም ያዝንልሻል። እኔ ከስድስት ዓመት በላይ በስልክ ብቻ ከማውቀው ሰው ጋር፣ በረዶ ውስጥ፣ በር ዘግቼ ልኖር ነው። ለእኔ ያዘነ አንድ ሰው አላየሁም።»

የምመልሰው አጣሁ። ስለዚያች ከተማ የማውቀው በክረምት ከዜሮ በታች 30 እንደሚደርስ ብቻ ነው። ተረቶቹን ጻፍኩላት። አያቴ መደቡ ላይ ትነግረኝ የነበሩትን፣ በደብተር፣ ልጆቹ በሚያውቁት አነጋገር፣ ጅቡ የሚጮህበት ቦታ ሲደርስ «እዚህ ላይ ድምፅሽን አወፍሪ» የሚል ማሳሰቢያ ጭምር። 14 ገጽ ሆነ። ከወረቀቶቹ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ አስገባችው።

የቀረው ሥራ ጥቂት ነው። ፍራሾቹን ለመንትዮቹ እናት ሰጥተናል። ክፍሉን ለሁለት የሚከፍለውን ሸራ ልቅደደው ወይስ ልተወው ገና አልወሰንኩም። ዶሮዋ የምትጥለው ከእማማ እንጨት ቁልል ሥር መሆኑን ትንሹ ትናንት በጆሮዬ ነገረኝ፤ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል፣ እናንተም አልሰማችሁም።

አውሮፕላኑ ሐሙስ ጠዋት ነው። ረቡዕ ማታ ከእታለም ጋር አብረን እናቦካለን፤ ዱቄቱን የምትሰፍረው እሷ ናት፣ የመድኃኒቱን መጠን። ሐሙስ ማታ አብሲቱን የምጥለው እኔ ነኝ። ዓርብ የእንጨቱ ተራ የእኔ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ እጋግራለሁ፤ እንጨቱንም ከአንዲት የቱርካና ሴት ተነጋግሬ ግማሹን ከፍያለሁ።